ከድስቶቹ ጋር የሄደው መጽሐፍ

ከባለቤቴ ከመርክነህ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ይህ ነው፤ እሱ መጽሐፍ ያነባል፣ እኔ የተቀቀለ ቦይና እልጣለሁ። ቦይና ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው ነው። ከቀዘቀዘ ልጣጩ እንቢ ይላል፣ ትኩሱን ሲልጡት ደግሞ ጣት ያቃጥላል። ስለዚህ ሐሳቤ ሁሉ ጣቴ ላይ ነበር።

አንድ ገጽ አንብቦ ጨረሰና ብቻውን ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ "ሰማሽ አስቱ?" አለኝ።

"ሰማሁ" አልኩት።

"እስቲ ምን አልኩ?"

አልሰማሁም ነበር። "ነገ እነግርሃለሁ" አልኩት።

እሱም እንደገና ሳቀ። የገጹን ጥግ አጠፈና መጽሐፉን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ቦይናውን በቃሪያ ዳጣ እያጠቀስን በላን፤ ዳጣው ስላቃጠለው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ በዚያው አልተነሣም።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የገጠመኝን ነገር ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን ያችን "ነገ እነግርሃለሁ" ያልኳትን ቃል ይዤ ስምንት ወር ስለዞርኩ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ይህን የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ።

መርክነህ ሹፌር ነበር። ጉልበቱ እንቢ እስኪለው ድረስ ከሶዶ ቤሌ አውቶቡስ ሲነዳ ኖረ። መጽሐፉን ያገኘው አንድ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ረስቶት ሲወርድ ነው። ባለቤቱ ይመጣ ይሆናል ብሎ ሁለት ወር ጋቢና ውስጥ ይዞት ዞረ። የመጣ ሰው ስላልነበረ ማንበብ ጀመረ። ሽፋኑ ያኔም ተገንጥሎ ስለነበር ርእሱንም የጸሐፊውንም ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። መርክነህ የፏፏቴ ሥዕል ባለበት አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ለበጠው። ውስጡ ደስ ብሎት መኖር ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ምክር ነው። በየገጹ አንድ ምክር፣ ለአንድ ቀን አንድ ገጽ።

እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት በጽሕፈት ቤት ጸሐፊነት ነው። የሰው ቃል በጆሮዬ ገብቶ በጣቴ ይወጣል፣ መሀል ላይ የሚቀር ነገር የለም። ሳልሰማ መስማትን ያስተማረኝ ሥራዬ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ግን ያነበበውን ሁሉ ካልሞከረ አይተኛም። "በቀን አንድ የማታውቀውን ሰው አመስግን" የሚለውን ያነበበ ዕለት ቤሌ መግቢያ ላይ ያስቆመውን ትራፊክ ፖሊስ "ፀሐይ ላይ ቆመህ ስለምትጠብቀን አመሰግናለሁ" አለው። ሰውየው ጠረጠረው። መንጃ ፈቃዱን፣ ቦሎውን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የተሳፋሪውን ቁጥር አንድ በአንድ ሲያይ ግማሽ ሰዓት ቆሙ።

"አንተ ሰውዬ ምን ነካህ?" አሉት ተሳፋሪዎቹ። "እንደ ሰው ብትጨቃጨቀው ኖሮ እስካሁን ደርሰን ነበር!"

ማታ ሲነግረኝ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ይህን ግን ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ እሱ ሲሞት የእድራችን ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው መጣ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተጭኖ ሄደ። ሰው ቀነስ ሲል መስኮቱን አየሁ። መጽሐፉ የለም።

እኔ የፈለግሁት ያችን የታጠፈች ገጽ ነበር። መርክነህ የሚያጥፈው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ሲጀምር አሮጌዋን ያቃናል፣ ሲጨርስ አዲሷን ያጥፋል። ገጿን ካገኘሁ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ምን እንዳለ ካወቅሁ እነግረዋለሁ። የሞተ ሰው መልስ አይጠብቅም ትሉ ይሆናል። እኔም ሌላ ሰው ቢሆን እንደዚያ እለው ነበር።

አልጋ ሥር ገባሁ፤ ቁም ሳጥኑን አወጣሁ። ቢጠና ከተማ የምታስተምረው ልጄ ምሕረት ዘንድ ደወልኩ። "እማዬ፣ ይህን ስትጠይቂኝ አራተኛሽ ነው" አለችኝ። ጎረቤቴን ብዙነሽንም በሰበብ አስባቡ እየሄድኩ ጠየቅኋት። አንደኛውን ቀን ሻይ ጠጥቼ፣ ሌላውን ቀን ወንፊት ልዋስ ብዬ። በሦስተኛው ነቃችብኝ።

"እኔ መጽሐፍ ሌባ መሰልኩሽ? መነጽሬ ከተሰበረ ዓመቱ ነው! ብሰርቅስ በምን ዓይኔ አነበዋለሁ?"

ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ከዚያ ራሷ ገንፎ ይዛ መጣች። "አንቺን ማኩረፍ ሰለቸኝ" ብላ ተቀመጠች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ገንፎውን ብቻ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት መሄድ አልሆነልኝም። የእድራችንን ድንኳን ከሩቅ ሳይ መንገድ ቀይሬ እመለሳለሁ። ብዙነሽ ስለ እሷም ስለ እኔም ትደርስ ነበር፤ ወጥ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር ውላ ትመጣለች።

ሰኔ ላይ የእማማ ወርቅነሽ ባለቤት ዐረፉ። ዘጠና አልፏቸዋል፤ የልጅ ልጅ ልጅ አይተዋል። እማማ ወርቅነሽ እኔ ቤት ሦስቱንም ቀን ከጎኔ ሳይነሡ የተቀመጡ ሴት ናቸው። መቅረት አልቻልኩም። በዝናቡ ከብዙነሽ ጋር አንድ ጥላ ይዘን ሄድን።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሳቅ ሰማሁ። አንድ ሰው ያመለጠው ሳቅ አይደለም፤ ድንኳን ሙሉ ሳቅ። ደነገጥኩ።

ገባ ስንል የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ጋሽ ጦና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከፍ ባለ ድምፅ ያነባሉ። "ጠዋት ስትነሣ መስተዋት ፊት ቁምና ለራስህ ፈገግ በል።"

"ጥርስ የሌለውስ?" አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

"ድዱን ያሳይ!"

"መስተዋት የሌለውስ?"

"ሚስቱ ፊት ይቁማ!"

"እሷ ፊት ፈገግ ካልኩማ 'ደግሞ ምን አጥፍተህ ነው?' ትለኛለች።"

ድንኳኑ እንደገና ሳቀ። እኔ ግን የማየው የመጽሐፉን ልባስ ነው። ፏፏቴው አለ። ፏፏቴው ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም የእድራችን ምልክት ተቀብቷል። ከሌላ እድር ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል በድስቶቹና በወንበሮቹ ሁሉ ላይ የምንቀባው ያው ምልክት።

"ጋሽ ጦና፣ ይህ መጽሐፍ ከየት መጣ?" አልኳቸው።

"ከየት ይመጣል የምሕረት እናት? ከእናንተ ቤት ነዋ! ነፍሱን ይማረውና መርክነህ ለእድሩ የተወው አይደል?"

ለካ ግቢያችን ስለሚያዘቀዝቅ ጠረጴዛው ሲንገዳገድ አንድ ሰው መጽሐፉን ከመስኮቱ አንሥቶ እግሩ ሥር አስገብቶታል። ጠረጴዛው የእድሩ ነው። ጠረጴዛው ሲነሣ ሥሩ ያለውም አብሮ ተነሣ። ጋሽ ጦና ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የእድር ዕቃ ያለ ምልክት መጋዘን አያስገቡም። ቀቡት። በወሩ ስብሰባ ላይም ተነሥተው "ወንድማችን መርክነህ ለሐዘንተኛ መጽናኛ ይሆን ዘንድ መጽሐፍ አበርክቷል" አሉ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልተገኘሁም፤ ብዙነሽም ስብሰባ አትወድም። የነገረኝም የለም። የሰጠሁት እኔ ነኝ ብለው ያስባሉ፤ ሰጪን "ሰጥተሻል" የሚል ማን አለ? ከዚያ ወዲህ ሰባት ድንኳን ዞሯል። ከድስቶቹ ጋር ይጫናል፣ ከድስቶቹ ጋር ይወርዳል።

"ስትፈልጊ የከረምሽው ይሄንን ነው እንዴ?" አለች ብዙነሽ። "ከወጥ ቤት ሆኜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ሰባኪ መስሎኝ።" ከዚያ በክርኗ ጎሰመችኝና ጋሽ ጦናን በአገጯ አሳየችኝ። "ይኸውልሽ ሌባሽ። መነጽር ያለው ነው!"

ጋሽ ጦና ነገሩ ሲገባቸው ብድግ ብለው መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "ውሰጂው ልጄ። እኔ ምን አውቄ! ቀለሙን በጋዝ ላስለቅቀው እሞክራለሁ።"

አልሰማኋቸውም። ጥጉን እየፈለግሁ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ታጥፏል። ሁለተኛውም ታጥፏል። አምስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሃያኛው... በሰባቱ ድንኳን ያነበበ ሁሉ ልቡን የነካውን አጥፏል፤ ያላጠፉት ገጽ በጣት የሚቆጠር ነው። ወጥ የነካው አለ። የሻይ ብርጭቆ ክብ አለ። አንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ "ይህ እውነት ነው" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ "ውሸት ነው" ይላል፤ ከዚያ ሥር ሦስተኛ ሰው "ለቅሶ ቤት አትጣሉ" ብሏል።

የእሱ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ አልቻልኩም። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጥኩ። ስምንት ወር የፈለግኋት ገጽ እጄ ውስጥ ሆና ጠፋችብኝ።

ሄጄ እማማ ወርቅነሽ አጠገብ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ስታለቅሺ ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ የለም፤ ይህ ጥሩ ነገሩ ነው።

መጽሐፉ እኔ ጋ ስለሆነ ንባቡ ቆሟል። እማማ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው በወላይትኛ "ምን ሆኖ ነው ያቆመው?" አሉኝ።

እማማ ወርቅነሽ አማርኛ ብዙም አያውቁም። "እማማ፣ የሚነበበው ይገባዎታል እንዴ?" አልኳቸው እኔም በወላይትኛ።

"ኧረ አይገባኝም። ብሰማው አይደል የሚገባኝ? አልሰማሁትም።"

"ታዲያ?"

"ሽማግሌዬ ማታ ማታ ያወራ ነበር። ስለ በሬ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ድሮ ሰው። ይህን ሁሉ ዓመት ግማሹን አልሰማሁትም።"

"እሳቸው አላወቁም?"

"እንዴት አያውቅ!" እማማ ወርቅነሽ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። "'ይኸው ደግሞ አልሰማሽም' ይለኝና ይስቃል። ከዚያ ይቀጥላል። ቤቱ ድምፅ እንዲኖረው ነው እንጂ እኔን ሊፈትነኝ ነው? በይ፣ ቀጥል በይው።"

ያን ጊዜ መርክነህ ለሁለተኛ ጊዜ የሳቀው ሳቅ ትዝ አለኝ። "ነገ እነግርሃለሁ" ስለው የሳቀው። አምኖኝ እየጠበቀ የሄደ ይመስለኝ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እንደሚጠብቀኝ ነበር የማስበው። እሱ ግን ያውቅ ነበር። እንዳልሰማሁ አውቆ ነው የሳቀው፤ አውቆ ነው ጥጉን ያጠፈው፤ አውቆ ነው ቁጭ ብሎ ቦይናዬን የበላው።

ተነሥቼ መጽሐፉን ለጋሽ ጦና መለስኩላቸው።

"አትወስጂውም?"

"ቀለም ተቀብቷል እኮ" አልኳቸው። "የእድር ዕቃ ነው።"

እሳቸውም ትንሽ አዩኝና "እንግዲያው አንቺ አንብቢ፤ እኔ ጉሮሮዬ ደርቋል" አሉኝ። ጉሮሯቸው አልደረቀም ነበር።

በሕይወቴ ለሰው ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም፤ በቤታችን አንባቢው እሱ ነበር። እጄ ያገኘውን ገጽ ገለጥኩ። "ጎረቤትህን አስቀይመህ ከሆነ ነገ አትበል፤ ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቅ" ይላል።

ብዙነሽ ከበሩ ጋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድንኳኑን በሚሞላ ድምፅ ነው የጠረገችው።

"ይቅርታ ብዙነሽ" አልኩ ከመጽሐፉ ቀና ብዬ።

"ለየትኛው ነው? ለመጽሐፉ ነው ላልመለስሽው ወንፊት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ ድምፅ ያለው ሳቅ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እማማ ወርቅነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ እኔ አወዛወዙ፤ ቀጥዪ ማለታቸው ነው። ቀጠልኩ።

ገጿን እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። ፍለጋውን ትቻለሁ። አሁን ሳስበው አላዝንም፤ እንዲያውም ያን ጠረጴዛ ያንገዳገደውን ግቢያችንን አመሰግናለሁ። ወንፊቱንም መልሻለሁ።

አሁን እድራችን ድንኳን በተከለ ቁጥር እሄዳለሁ። ድስቶቹ ወርደው ሰዉ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ገጽ ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ጥጉን አጥፌ መጽሐፉን ለጋሽ ጦና እመልሳለሁ። ሰማችሁ ወይ ብዬ አልጠይቅም።