በጀርባዬ ያዘልኩት ድብ

ሰባተኛ ሰፈር ገበያ የወጣሁት የአራት ዓመቷን ልጄን እጇን ይዤ፣ የጨርቅ ድቧን ደግሞ አዝዬ ነበር። «አሞታል፣ እዘይልኝ» ብላ ድርቅ ስትል ምን ላድርግ? ነጠላ ደርቤበት ስሄድ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ ጮኸች።

«ኧረ ልጅሽ አንገቱ ወድቋል! አይተነፍስም እኮ!»

ሰው ወረረኝ። አንዱ ውሃ ይረጫል፣ ሌላው ማዘያዬን ይፈታል። ድቡ ሲወጣ ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ ዞር ብል ልጄ የለችም።

ድቡን እንዳቀፍኩ፣ በኩሊና በጋሪ መሃል ስሟን እየጠራሁ እንደ እብድ ተሯሯጥኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ።

ድንገት ነጭ ጋውን የለበሰ ፋርማሲስት ሰው እየገፋ፣ እያለከለከ መጣ። ልጄ ጋውኑን ጨምድዳ ትጎትተዋለች።

«የማይተነፍሰው ወንድሟ የታለ?» አለኝ።

ድቡን ሰጠሁት።