ኦይታ የገደበው መስመር

ኦይታ የጋሞ አገር፣ የካምባ ልጅ ነው፤ አሁን አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ኢንተርኔት ሲዘገይ የሚፈለገውም የሚወቀሰውም እሱ ነው። ሥራውን ይወደዋል። ይበልጥ ደስ የሚለው ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ የችግሩን ምንጭ ማግኘት ነበር።

ለዚህ የሚጠቀምበት አንድ ፕሮግራም አለ። ሥዕል የለው፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለው። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ትእዛዝ ጽፎ ኢንተር ሲመታ የኮሌጁ ኮምፒውተር ሁሉ በቁጥር አድራሻው ይደረደራል። ብዙ የሚወስደው ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚገባውና የሚወጣው መጠንም በየጊዜው እየተቀያየረ ይታያል። ኦይታ ይህን ማየት አይሰለቸውም ነበር።

በምዝገባ ሰሞን ኢንተርኔቱ ክፉኛ ዘገየ። ተማሪው ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየመታው ተሰልፏል፣ ሰልፉን ለማቃለል በምሳ ሰዓትም ይመዝገብ ተብሏል፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ዲኑ አቶ ሀብተሚካኤል ላባቸውን እየጠረጉ መጥተው ከኦይታ ጀርባ ቆሙና መስመሩን የሚበላው ማን እንደሆነ አሁኑኑ እንዲነግራቸው አዘዙት። ኦይታ ትእዛዙን ጻፈ። አንድ አድራሻ ከሁሉም በላይ ወጥቶ ተቀመጠ። የሪከርድ ክፍሏ የአገርነሽ ኮምፒውተር ነበር።

ዲኑ ቪዲዮ እያየች ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ኦይታም አዎ አለ።

በኋላ እንቅልፍ የነሳው ይህ «አዎ» ነው። ፕሮግራሙ መጠኑን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ደግሞም ፊልም የሚያይ ሰው ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ ከአገርነሽ ኮምፒውተር ግን የሚወጣውና የሚገባው እኩል ለእኩል ነበር። ከሰው ጋር ፊት ለፊት እየተያየች እያወራች ነው ማለት ነው። ኦይታ ይህን አይቷል፣ ትርጉሙም ገብቶታል። ሪከርድ ክፍል ከማንጎው ዛፍ ማዶ ነው፤ ሄዶ ቢጠይቃት ምንም አይፈጅበትም ነበር። ግን አለቃው ከኋላው ቆመዋል፣ እጁም ኪቦርዱ ላይ ነው። ሌላ ትእዛዝ ጻፈና የዚያን ኮምፒውተር ፍጥነት ጽሑፍ ከማስተላለፍ በቀር ለምንም እንዳይሆን አድርጎ ገደበው። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዲኑ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ።

በማግስቱ አገርነሽ ራሷ መጣች። ኢንተርኔቷ ሥዕል እየቆረጠ እንዳስቸገራት ነገረችው።

«ለምሳ ሰዓት ብቻ ቢሠራልኝ ይበቃኛል» አለችው። «እባክህ ኦይታ።»

ኦይታ ዋናው መስመር ደክሞ እንደሆነና በቅርቡ እንደሚስተካከል ነገራት። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ለግል ጉዳይ መጠቀሟ ስላሳፈራት ይሆናል፣ እሷም ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ምዝገባው አለቀ። ኦይታ ገደቡን ማንሳቱን ረሳ። ብዙም ሳይቆይ አገርነሽ ፈቃድ ወጣች።

ኦይታ ምክንያቱን የሰማው ሒሳብ ክፍል ከምትሠራው ከኖላዊት ነው። የአገርነሽ አባት ጋሽ ክብሩ የዶርዜ ሸማኔ ናቸው። የስኳር ሕመም እግራቸው ላይ ቁስል አውጥቶባቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የሚያስታምማቸው ሽሮ ሜዳ ሽመና የሚሠራው ልጃቸው አጵሎስ ነው። አጵሎስ ሲወስዳቸው ለምርመራ ብቻ ነው ብሏቸው ስለነበር፣ ሲያስተኟቸው እንደተታለሉ ቆጠሩት፤ ከዚያ በኋላ የነገራቸውን ሁሉ አላምን አሉ። የሚያምኑት አገርነሽን ብቻ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ደግሞ በስልክ ድምፅ ብቻ አይሰሙም፤ ፊቷንና ከንፈሯን እያዩ ነው የሚግባቡት። እሷም ስማርት ስልኳን ለአጵሎስ ሰጥታ፣ ለራሷ ተራ ስልክ ይዛ፣ በምሳ ሰዓት ከቢሮዋ ኮምፒውተር ትደውልላቸዋለች። ሐኪሞቹ ሁለት የእግር ጣቶች መቆረጥ እንዳለባቸው የተናገሩት ልክ ሥዕሉ መቆራረጥ በጀመረበት ሰሞን ነበር። ጋሽ ክብሩ እግሬን ሊቆርጡኝ ነው ብለው አሰቡ። ልጄን አሳዩኝ አሉ። ስክሪኑ ላይ የደረቀ ፊት እንጂ ልጃቸው አልታየችም። ከሆስፒታሉ ወጥተው አውቶቡስ ተሳፍረው ዶርዜ ገቡ። አገርነሽ ለምና ለምና አርባ ምንጭ ሆስፒታል ስታደርሳቸው ቁስሉ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ኖላዊት ይህን የነገረችው ለጥየቃ ሰው እያስተባበረች ስለነበር ነው። ኦይታ እሄዳለሁ አላት። ወደ ቢሮው ተመልሶ ስክሪኑን ከፈተና ያን ገደብ አነሳ። ከዚያ ፕሮግራሙን አስነስቶ የአገርነሽን አድራሻ ፈለገ። የለም። ኮምፒውተሯ ጠፍቷል።

ቅዳሜ ከባልደረቦቹ ጋር ጠመዝማዛውን መንገድ ይዘው ወደ ዶርዜ ወጡ። ጋሽ ክብሩ በር ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው እግራቸው ያለቀበትን ቦታ ሸፍኖታል። እንግዶቹን በጋሞኛ መረቁ። ቆጮና ዳጣ ቀረበ፤ ኦይታ አንዴ ጎርሶ ተወው። ከፊቱ የሽመናው ዕቃ ቆሟል፣ ድሩ እንደተወጠረ ነው፣ ከሥሩ የእግር መርገጫዎቹ ተንጠልጥለዋል። ሸማኔ በእጁ ብቻ አይሠራም። ኦይታ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ ጨነቀው።

አገርነሽ ወደ እንሰቱ ጓሮ ስትወጣ ተከትሏት ወጣ።

«ያኔ የመስመር ችግር አልነበረም» አላት። «ያንቺን ኮምፒውተር የገደብኩት እኔ ነኝ።»

ዞር ብላ አየችው።

«አውቀህ?»

«ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከሰው ጋር እያወራሽ እንደነበር ግን አውቄያለሁ።»

«መጥቼ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ቢሮህ ድረስ መጥቼ።»

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችምም። እሱ መስመሩ ይስተካከላል ያላትን አምና፣ ስልኩን ሆን ብለህ አጥፍተህብን ነው ብላ አጵሎስን እንደረገመችው፣ ከዚያ ወዲህም ወንድሟ ዶርዜ እንዳልመጣ፣ እሷም እንዳልደወለችለት ነገረችው። ኦይታ እስከዚያች ሰዓት ጥፋቱን ሁሉ የተረዳው መስሎት ነበር።

«ለእኔ የነገርከኝን ለእሱ ንገረው» አለችና ተራ ስልኳን አውጥታ ደውላ ሰጠችው።

ኦይታ በአማርኛ ጀመረ፣ አልወጣልህ አለው፣ ወደ ጋሞኛ ገባ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ እንዴት እንደዋሸ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ኦይታ ስድብ ጠበቀ፤ ስድቡ ቢመጣ ይቀልለው ነበር። አጵሎስ ግን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እህቴን አቅርብልኝ።»

ስልኩን ሰጥቷት ራቅ ብሎ ቆመ። አገርነሽ እንሰቱን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ሰኞ ኦይታ አቶ ሀብተሚካኤል ቢሮ ገብቶ እውነቱን ነገራቸው። እሳቸውም ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር አሉት። ኦይታ እኔ ማወቅ እችል ነበር አለና ወጣ። ያን ፕሮግራም ዛሬም ይጠቀምበታል፤ ሥራው ነውና። አንድ አድራሻ ከላይ ሲወጣ ግን ማንንም ከመገደቡ በፊት ከወንበሩ ተነስቶ ግቢውን ያቋርጣል፣ በር ያንኳኳል፣ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ፊልም ሆኖ ያገኘዋል።

አጵሎስ ለመስቀል ዶርዜ መጥቶ በዚያው ቀረ። አሁን በአባቱ ዕቃ ላይ የሚሸምነው እሱ ነው፤ ጋሽ ክብሩ ከጎኑ ተቀምጠው ማግ ያጠነጥናሉ፣ ስህተት ሲያዩም ይቆጡታል። አገርነሽ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ኦይታን ሰላም ትለዋለች፤ ኮምፒውተሯ ሲበላሽ ግን ሌላ ሰው ልካ ነው የምታስጠራው። ይቅር ብዬሃለሁ ብላው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም።