ወዴት ነሽ የሚል መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤት ልትገዛ ስለሆነ አብሬያት ወደ አንድ የሽያጭ ቢሮ ሄድኩ። የሰፈሩ ሞዴል በመስታወት ተሸፍኖ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የምታስጎበኘን ልጅ በእስክሪብቶ እየጠቆመች፣ "ዳቦ ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ሁሉም በእግር አምስት ደቂቃ ነው። መኪና ወደ ውስጥ አይገባም። ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቃል" አለችን። ይህቺን የመጨረሻዋን ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ቅር ሳይላት አልቀረም። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ያለ ሰፈር ኖሬበታለሁ፤ ያውም ማንም ሞዴል ሳይሠራለት።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ጅቡቲ ውስጥ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ማዳም ሐዋ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነበር። ማዳም ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ሶማሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ቤቱ ግማሹ ጣውላ፣ ግማሹ ቆርቆሮ ሆኖ ሰማያዊ የተቀባ ሲሆን በሩ በቀጥታ መንገዱ ላይ ይከፈታል። መንገድ አልኩ እንጂ፣ ሁለት ሰዎች ዘንቢል ይዘው ከተገናኙ አንዱ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። ለእግር ግን የሚመች ነበር። ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለቆሙ በዚያ በሚያነድ ሐምሌ እንኳ ከአንደኛው ወገን ጥላ አይጠፋም። የጠዋቱ ላሆህ፣ የሶማሌዎቹ ስስ እንጀራ፣ ከእኛ አምስተኛው ቤት ይጋገራል። የየመኖቹ ዓሣ፣ ምድጃ ላይ ለጥፈው ከሚያወጡት ሰፊ ቂጣ ጋር፣ ማዕዘኑን ዞር ሲሉ ነው። ለበረዶም፣ ለሎሚም፣ ለልብስ ሰፊም ታክሲ ተሳፍሬ አላውቅም።

ጣጣው ደግሞ ነበረው። ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ እኔ ሳስነጥስ "ይማርሽ" የምትለኝ ጎረቤታችን ፋጡማ ናት፣ ከማዶ ሆና። ከበር ከወጣሁ ደግሞ ሁሉም ሰው በሶማሊኛ "ሐጌ ኡ ሶዖታ?" ይለኛል፤ ወዴት ነሽ ማለት ነው። እንደ ሰላምታ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፣ ግን መልሱን ሳይሰሙ አያሳልፉም። ያ መንገድ በወሬ አሳቅቆ ከከተማው ያስወጣት አንዲት የሐረር ልጅ አውቃለሁ። ምንም ያጠፋችው ነገር አልነበረም።

የእኔም ተራ ደረሰ። አንድ ቀን የእናቴን ጎረቤት፣ ከወልድያ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ዓሊ ሱቅ በር ላይ አገኘሁት። ዓሊ የመንገዳችን ባለሱቅ የመናዊ ነው። ሾፌሩን ስለ እናቴ ጤና ስጠይቀው ቢበዛ አሥር ደቂቃ ብንቆም ነው። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል፤ እንዲያውም ታጭቻለሁ! ማዳም ተቆጡ፣ የእሑድ መውጣትሽ ቀረ አሉኝ። ሌሊቱን በንዴት ሳልተኛ አደርኩ።

በዚያ ሰሞን ነው ገበያ ውስጥ ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግር አንድ ደላላ ያገኘኝ። አፉ ቅቤ ነው። በመኪና እስከ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ደግሞ ወደፈለግሽበት አለኝ። ስለ ደመወዙ ብዙ አወራ፣ እኔ ግን ልብ ብዬ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እዚያ ማንም አያውቅሽም፤ ማንም ምንም አይጠይቅሽም።"

ዋና አልችልም። ግን እልህ ይዞኝ እሺ አልኩ።

ቀጠሮው ሐሙስ በስምንት ሰዓት፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆነ። ሰዓቱ ተመቸኝ። ከምሳ በኋላ ያ ከተማ ሱቁን ዘግቶ፣ ጫቱን ይዞ ይጋደማል። ማዳም እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሁለት ቀሚሴንና የእናቴን ፎቶ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩ። ዕቃ ልገዛ የወጣሁ እንድመስል ባዶ የዘይት ጠርሙስ ከላይ አጋደምኩበትና ወጣሁ።

ፋጡማ በሯ ላይ ልብስ ታጥባለች። "ሐጌ ኡ ሶዖታ?"

"ዘይት ልገዛ" አልኳት።

ለካ ዓሊ ያን ቀን ሱቁን አልዘጋም። ጠርሙሱን እንዳየ እጁን ዘረጋ። "አምጪ እህቴ፣ ልሙላልሽ።"

ዘይት ተቀድቶ እስኪሞላ ልቆም ነው? "ይቆይ ዓሊ፣ ማዳም አሟቸዋል። መድኃኒት ቤት ልሂድ" ብዬ ጠርሙሱን እጁ ላይ ትቼለት አለፍኩ።

ማዕዘኑ ላይ ጫት የምትሸጠው ሮዳ ተቀምጣለች። መድኃኒት ቤት ስላት ሳቀችብኝ። "እስከ አሥር ሰዓት ዝግ መሆኑን አታውቂም?"

ላብ አጠመቀኝ። "እንግዲያው ሐኪም ቤት እሄዳለሁ! ጠንቶባቸዋል፣ ራሳቸውን ስተዋል" አልኩና መሮጥ ቀረሽ እርምጃ ጀመርኩ። መቶ እርምጃ በማይሞላ መንገድ ላይ ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ውሸት ዋሸሁ። ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ መጠራራት የሚችሉ መሆናቸው በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ጣቢያው አጠገብ ስደርስ ከግድግዳው ሥር ሰባት ልጆች ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ደላላው የገበያው ፈገግታው ጠፍቷል። ስሜን አልጠራኝም፤ በጣቱ ጠቆመኝና "ስምንት" ብሎ ቆጠረኝ። "መኪናው ዘግይቷል፣ ቁጭ በይ።" ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ከየት እንደመጣሁ እንኳ አልጠየቀችኝም። የተመኘሁት ይህንኑ አልነበር? ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባኝ። ተነስቼ ልመለስ ብልም በምን ፊቴ?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ስል በዚያ ፀሐይ፣ አስፋልቱን እየሰነጠቁ የሚመጡ ሦስት ሰዎች አየሁ። ማዳም ከፊት ናቸው፤ የቤት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ፀጉራቸው እንኳ በቅጡ አልተሸፈነም። ከኋላቸው ፋጡማና ዓሊ። የዓሊ እጅ ላይ የዘይት ጠርሙሴ አለ፣ ሞልቶታል።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ማዕዘኑን ከመዞሬ ሮዳ ጮኻ ለዓሊ፣ ዓሊ ለፋጡማ፤ ፋጡማ ሾርባ ይዛ፣ ዓሊ በረዶና ሎሚ ይዞ፣ ሁለት አሮጊቶች ደግሞ ዱዓ እያደረጉ ማዳም መኝታ ቤት ገቡ። ማዳም ከእንቅልፋቸው ባንነው "ማን ሞተ?" አሉ። "አንቺ" ተባሉ። ወዲያው ሳጥኔን ከፈቱ፣ ባዶ ነው። ሮዳ ደግሞ ወደ ሐኪም ቤቱ ሳይሆን ወደ ጣቢያው ስትታጠፍ አይቻታለሁ አለች።

ማዳም ፊቴ መጥተው ቆሙ። ይጮኹብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ታማለች ያልሽው እኔን ነው?"

"አዎ ማዳም።"

"እንግዲያው ነይና አስታሚኝ።"

ደላላው "ልጅቷ በፈቃዷ ነው" ሊል ጀመረ። ዓሊ ወደ እሱ ዞር ብሎ በተሰባበረ አማርኛው፣ "ያ ባሕር ዳር የእኔ አገር ነው። ምን እንደሚወጣ ከውሃው አየሁ በዓይኔ። ንገራቸው አንተ!" አለው። ደላላው ሰው እየተሰበሰበ ሲሄድ አላማረውም። ዘንቢሌን በእግሩ ገፋልኝ።

ፋጡማ በአንድ ክንዴ፣ ማዳም በሌላው ያዙኝና ስቅስቅ ብዬ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ያ ለቅሶ የሐዘን አልነበረም። ከትከሻዬ ላይ ኩንታል ጤፍ ያወረዱልኝ ያህል ነው የቀለለኝ። መንገዱ ላይ በየበሩ የቆመው ሁሉ ሲጠይቅ ማዳም፣ "ትኩሳት ነበር፣ ለቀቀኝ። ልጄ ሐኪም ልትጠራ ሮጣ ነው" እያሉ አሳለፉኝ። ቤት ገብተው ተጋደሙና የፋጡማን ሾርባ ከእኔ ጋር ጠጡ። የእሑዱም ክልከላ ተነሳ። የሚገርመኝ፣ እውነቱን የማያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። አንድም ቀን፣ አንድም ሰው በቀልድ እንኳ አላነሳብኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጣቢያዋ ልጆች አንዷን ገበያ አየኋት። እንደነገረችኝ ደላሎቹ ኦቦክ በረሃ ውስጥ ያለ ውሃ ጥለዋቸው ጠፍተዋል። ከሰባቱ የተመለሱት አራት ናቸው። ስሟን ጠየቅኳት፤ ዘነበች ነው አለችኝ።

ማዳም ጋ ሌላ አራት ዓመት ሠራሁ። ቀጥሎ ባሕሩ ዳር፣ የፈረንጆች ቪላ ውስጥ ተቀጠርኩ። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ያለው ክፍል ሰጡኝ። አጥሩ ረጅም፣ መንገዱ ሰፊ ነው፤ የሚያልፈው መኪና ብቻ ነው። አገሬ ደርሼ ልመጣ ሻንጣ ይዤ የወጣሁ ቀን እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ ወዴት ነሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ከቢሮው ስንወጣ፣ "አክስቴ፣ በሳቅሽ ግራ ገባኝ። ልግዛው ወይስ ልተወው?" አለችኝ።

"ግዢው" አልኳት። "ያስመርሩሻል። ሳትወልጂ አስወልደው፣ ሳትጣዪ አጣልተው ያወሩብሻል። ቢሆንም ግዢው።"

ለምን እንደሆነ ታክሲ ውስጥ ልነግራት ጀምሬ እንባዬ መጣና ተውኩት። እኔ በዚያ ሐሙስ የወጣሁት ከዚያ ቪላ ቢሆን ኖሮ፣ የምዋሸው ሰው እንኳ አላገኝም ነበር።