ስንመለስ የተሠራው ፍሬቻ

ታክሲ ውስጥ የፍሬቻ ቋ፣ ቋ ስሰማ አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሹፌሩ አባቴ የታመመች እናቴን ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሲወስዳት፣ የሚነዳው ላንድሮቨር ፍሬቻ ይበራል እንጂ ብልጭ ድርግም አልል አለ። አባቴ ግን አልቆመም።

ስንመለስ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ «አምፖሎቹስ ደህና ናቸው» አለና፣ ከመሪው ሥር ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የምታሰኘውን ትንሿን ፍላሸር ነቅሎ በአዲስ ተካት። እናቴ ከኋላ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«አባባ፣ ስንመጣ ለምን አላሠራኸውም?»

«ያኔ ቸኩለን ነበር፣ ልጄ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ነገሩ የገባኝ አንኮበር ደርሰን ጎረቤቶች ደረታቸውን እየመቱ ሲወጡ ነው። አባቴ ያን ሁሉ መንገድ መሪ ጨብጦ እንዴት እንደነዳ ግን፣ ዕድሜዬ ከእናቴ ዕድሜ አልፎም አይገባኝም።