የኻሚስ ስም ያለበት ካሴት

ዓብዱልላጢፍ ጥጥ በአልኮል ነክሮ የካሴቱን የመዳብ ጥርሶች አንድ በአንድ ይጠርጋል። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ አያያዙ ግን የሕፃን ጆሮ እንደሚያጸዳ ሰው ነው። ከጌም ቤቱ፣ ከሱ ሱቅ በር ላይ ለውዝ ስለምሸጥ ይህን ሁልጊዜ አያለሁ። ጠርጎ ሲያበቃ እፍ ይልበታል፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ማሽኑ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ አይነቅልም። የታላቅ ወንድሙ የኻሚስ ስም አሁንም አለ ወይ ብሎ ነው።

ካሴቱን በልጅነታቸው ያመጣላቸው አባታቸው ነው፤ ከሱዳን ሸቀጥ ይዞ በድንበሩ ከተማ በኩርሙክ ሲመለስ። የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ነው። የውጭ ስሙን አስተካክሎ የሚያነብ ስላልነበረ፣ ሰፈሩ የመርከቧን ክንፍ አይቶ «ጭልፊት» አለው። እኔ ጨዋታ አላውቅም፤ ዓብዱልላጢፍ ግን ደጋግሞ አስረድቶኛል።

«እማማ፣ ጭልፊት መንገዷን አትመርጥም። መንገዱ ራሱ ይዟት ይሄዳል። የኛ ሥራ ግራ ቀኝ እያልን መሸሽና መተኮስ ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌሎች የጭልፊት ጨዋታዎች ወጡ። በመጀመሪያው፣ በአባታቸው ካሴት፣ መርከቧ ተቆራርጦ የተጣጠፈ ወረቀት ትመስል ነበር። በሁለተኛው ጓደኞቿ አብረዋት እየበረሩ ማውራት ጀመሩ። በሦስተኛው እንደልቧ እንድትዞር ለቀቋት፤ ተጫዋቹ ግን፣ መንገዱ ከሌለ ምኑ ጭልፊት ነው ብሎ አልወደደውም። በአራተኛው ሠሪዎቹ ወደ ድሮው መንገድ መለሷት። ያኔ ግን ሰው ሁሉ የኳስ ጌም ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አልተሠራም። ዓብዱልላጢፍ ሁሉንም በየተራቸው ደርድሯቸዋል፤ የሚያበራው ግን የመጀመሪያውን ነው።

እዚያ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ስሙን ይጽፋል። ኻሚስ ለሥራ ወደ ሱዳን፣ ደማዚን ከመሄዱ በፊት የጻፈው ከሁሉም በላይ ነው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።

ዓብዱልላጢፍ የወንድሙን ነጥብ ማለፍ ይችላል። ሲቀርብ ግን ጆይስቲኩን ይለቅና መርከቧን ከድንጋይ ጋር ያላትማታል።

«እንዴ! ሆን ብለህ ነው የሞትከው!» ይሉታል ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች።

«እርጅና ነው፣ እጁ እምቢ ብሎት» ይላል ሌላው። «ይልቅ ቴሌቪዥኑን ልቀቅልን፤ ያንን ቅርስ ለሙዚየም ስጠው።»

እሱ ይስቃል።

ሬዲዮ ጠጋኙ ሰራዊት አንድ ቀን ለውዝ ሊገዛ መጥቶ ነገሩን ለዓብዱልላጢፍ ገለጠለት። «ስሙን የያዘችው ውስጡ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት። እስካሁን መቆየቷም ይገርማል። ሳትሞት አምጣት፤ ኃይሉ እንዳይቋረጥ ለጊዜው ሌላ ባትሪ ደግፌ እቀይራታለሁ።»

«ስሙ አይጠፋም?»

«እጄ ካልተንሸራተተ አይጠፋም። ዋስ ግን አልሆንህም።»

ዓብዱልላጢፍም ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አደርሰዋለሁ አለ። ቅዳሜ ሲመጣ፣ «እማማ፣ ኻሚስ ራሱ መጥቶ ይውሰደው። ቢጠፋም በሱ እጅ ይጥፋ» አለኝ። ለውዜን መስፈር ቀጠልኩ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እንደ ልማዱ ካሴቱን ጠርጎ ከተተ። በስሞቹ ቦታ ከፋብሪካ የመጡት ፊደሎች ብቻ ወጡ። አወጣው፣ ጠረገው፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ከተተው። ያው ነው። ወጣቶቹም ገባቸው መሰለኝ ቴሌቪዥኑን ልቀቅልን አላሉትም።

ከዚያ ይጫወት ጀመር። መርከቧን የሚያላትምበት ቦታ ደረሰ፤ አላላተማትም። እስከ መጨረሻው ሄደ። ማሽኑ ስም ሲጠይቀው የወንድሙን ሦስት ፊደሎች ጻፈ። እንዳይጠፉ ብሎ ማሽኑን እንደበራ ትቶ ቤቱን ቆልፎ ሄደ።

ጠዋት ስንመጣ መብራት አልነበረም።

«ለሰራዊት ውሰድለት እንጂ ልጄ» አልኩት፤ «አዲስ ባትሪ ያድርግበትና እንደገና ትጽፈዋለህ።»

«እሱ የጻፈው አይሆንማ፣ እማማ።»

ቢሆንም ቅዳሜ ዕለት ካሴቱን በእናቱ ሻሽ ቁራጭ ጠቅልሎ ከሸሚዙ ኪስ ከተተና ወደ ገበያ ወጣ። ሲመለስ ሽንኩርትና ባሚያ አንጠልጥሏል። የሸሚዙ ኪስ እንዳበጠ ነው።

«ሰራዊት አልነበረም?» አልኩት።

«ነበረ፣ እማማ። ሰላም ተባባልን።»