በእግር የሚገባበት ባሕር

ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ ተሳፋሪውን ከሻንጣው ማወቅ ይለምዳል። የጎልፍ ዱላ የተሸከመ አለ፤ የሙሽራ ቀሚስ በላስቲክ ሸፍኖ ያንጠለጠለ አለ፤ ባዶ እጁን መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስም አለ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቆሜ ዓይኔ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ሻንጣ ብቻ ነበር፤ ረዘም ያለ፣ ከጎኑ የዓሣ ክንፍ የመሰለ የጎማ ጫማ ብቅ ያለበት። እንዲህ ያለ ሰው ከተሳፈረልኝ፣ የሚሄድበትን ሆቴል ነግሮኝ ሳይጨርስ ጥያቄዬን እለቅበታለሁ።

“ልጅ በእግሯ ገብታ በእግሯ የምትወጣበት ሪፍ የት ታውቃለህ?”

ሪፍ ምን እንደሆነ እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት ስንት ዘመን ተደራርበው የሠሩት፣ ዓሣ ሁሉ የሚኖርበት ድንጋይ ነው። ያሳወቀችኝ ልጄ ናት። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከአንድ ሆቴል ውስጥ ካለው ትልቅ የዓሣ መስታወት ፊት ቆማ፣ አፍንጫዋን ጨፍልቃ ለጥፋ፣ “ማሚ፣ ፊሹ እኛን ሲያየን ምን እንመስላለን?” አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ዓሣ ሆኜ አላውቅም። መልሱን ሄዳ ትፈልገው ብዬ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ አካባቢ መጥለቅ የሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ አስመዘገብኳት።

በገንዳ ተማረች። ከዚያ ሌክ ሚድ ወስደው ፈተኗት፤ አለፈች። ነገር ግን ሐይቁ ቀዝቃዛና ድፍርስ ነው፤ ከታች ያገኘችው ጭቃና አንድ የሰለቸው ዓሣ ነበር። ከውሃው ስትወጣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ “በቃ? ዲስ ኢዝ ኢት?” አለች። የምስክር ወረቀቷ፣ በዕድሜዋ ምክንያት፣ ከዐሥራ ሁለት ሜትር በታች እንዳትወርድና ያለ ዐዋቂ ጠላቂ እንዳትገባ ይከለክላል። እንግዲህ ልጄ የምትፈልገው እውነተኛ ሪፍ ነው፤ ጥልቀት የሌለው መሆን አለበት፤ እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ እንዳያት እፈልጋለሁ።

እኔ ዋና አልችልም። ያደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር ውሃ የሚታወቀው በበርሜል ነበር፤ እሱም በፈረቃ። አባቴ ደግሞ ከእኔ ይብሳሉ። በሱዳን በኩል ተሰደው እዚህ የገቡ፣ እኔን ከብዙ ዓመት በኋላ ያስመጡኝ፣ አሁን ሎን ማውንቴን ሰፈር ከእኛ ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። የመጥለቁን ነገር ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ “ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው” አሉኝ።

“አባባ፣ እርስዎ ያን ሁሉ በረሃ በእግርዎ አቋርጠው የለ እንዴ? ይኼ ምን ያስፈራል?” አልኳቸው።

“እሱማ መሬት ነው። ቢደክምሽ ትቀመጪበታለሽ።”

ፍለጋዬን ግን አላቆምኩም።

ታዲያ ያሳፈርኳቸው ጠላቂዎች ሁሉ አንድ ቃል አላቸው፤ “ኢዚ!”፣ ቀላል ነው ለማለት። አንዱ ኢዚ ያለኝ ቦታ፣ ኋላ ሲያብራራልኝ፣ ከምትናጥ ጀልባ ላይ በጀርባ መውደቅ ነው። ሌላው፣ “ድንጋዩ ላይ ትንሽ ትሄዳለች፤ ማዕበሉ ከፍ ሲል ትዘልላለች፤ በቃ” አለኝ። “ስትወጣስ?” አልኩት። በመስታወቱ ሳየው የሱሪውን ጫፍ ወደ ላይ እየሰበሰበ ነው፤ ከጉልበቱ በታች ያለውን ረጅም ጠባሳ አሳየኝ፤ እየሳቀ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዴት እንደሚገባ መጠየቅ ትቼ እንዴት እንደሚወጣ መጠየቅ ጀመርኩ። መግባትማ ለማንም ቀላል ነው። ካዚኖም መግቢያው ሰፊ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሰዎች “አዎ” ከማለት ይልቅ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር አለች። ታውቋታላችሁ፤ ሳናስበው ነው የምትወጣው፣ ይቅርታ፣ የምትገባው። ፈረንጅ እንደዚያ የሚተነፍሰው ሲደነግጥ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ከኋላ ተቀምጦ፣ “ዛሬ ይሞቃል፣ አይደል?” ሲለኝ እንደ ልማዴ ሳብ ባደርጋት፣ የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዞ “ምን ገጨሽ?” ብሎ ጮኸ። ቤት ገብቼ ስነግራት ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እሷም ያው ናት። አማርኛውን ግማሽ በግማሽ ይዛ፣ ይህችን ትንፋሽ ግን ከነሙሉ ክብሯ ወርሳለች። “በላሽ?” ሲሏት ሳብ። “ጥርስሽን ፋቅሽ?” ሳብ።

ፍለጋዬ የተሳካው በጠላቂ አልነበረም። ቬጋስ መቼም የሃዋይ ሰው አይጠፋባትም፤ ለጨዋታ ይመላለሱባታል። አንድ ቀን ማዊ ከምትባለው ደሴት የመጡ አሮጊት አንተም በሚባል ሰፈር ወዳለው የልጃቸው ቤት ሳደርስ ነገሬን አነሳሁ። ኢዚ አላሉም። ይልቅ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር።

“ቁመቷ እስከ የትሽ ይደርሳል?”

“እስከ ትከሻዬ።”

“በጠዋት ትነሳለች?”

ትንፋሼን ልስብ ስል ቶሎ በአፌ “አዎ” አልኩ።

“ስትፈራ ምን ታደርጋለች?”

“እሷ? አትፈራም” አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

“የማይፈራ ልጅ አልወለድኩም፤ አላየሁምም” አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ስለ አንድ ትንሽ ባሕረ ሰላጤ ነገሩኝ። አሸዋው በሁለት ሪፍ መካከል እንደ ሰፈር መንገድ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ እያለ ሰው ሳያስደነግጥ ይጨምራል። መውጫውም ያው መንገድ ነው። ነፋስ የሚነሳው ረፋድ ላይ ስለሆነ በማለዳ መግባት ነው። የልጅ ልጆቻቸው የለመዱት እዚያ ነው። ልጃቸው ደጅ ካወረድኳቸው በኋላ ሞተሩን ሳላስነሳ የነገሩኝን ሁሉ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ልቤ ቦታውን አምኖታል።

ኦቨርታይም ሠርቼ የፋሲካ ሰሞን ተነሣን። ኤርፖርት ያደረሱን አባቴ ናቸው፤ ልጄን ግንባሯን ስመው፣ “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ የማይነካ እንዳትነኪ” አሏት። ትርጉሙን አውሮፕላን ውስጥ ስነግራት ደስ አላት። “ሪል ዘንዶ ቢወጣ አባባ ምን ይላል?” እያለች መንገዱን ሙሉ አደረቀችኝ።

ቦታው ሴትዮዋ እንዳሉት ነበር። እውነቴን ነው፣ እንዲያ ልክ ሆኖ ሳገኘው ሳቄ መጣ። ልጄን ይዛ እንድትገባ የቀጠርኳት አስተማሪ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ወሬ የማታበዛ የደሴቲቱ ልጅ ናት። “የመጀመሪያው ድንጋይ ሥር አንድ ኢል ይኖራል፤ እባብ የሚመስል ዓሣ ነው። ካልነካችሁት አይነካችሁም” አለች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ “የአባባ ዘንዶ!” አለች፤ ዓይኗ በራ። ሁለቱ አየር የተሞላውን ታንካቸውን አዝለው እስከ ወገባቸው ገቡ። እኔ ዳር አሸዋው ላይ ቀረሁ።

ሲያወሩ ይታየኛል። አስተማሪዋ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ቀጥላ ሌላ ጠየቀቻት። ወዲያው የልጄን መነጽር ከፊቷ አወለቀችና እጇን ይዛ አወጣቻት።

“ዛሬ አትጠልቅም” አለችኝ። “ዝግጁ ነሽ ስላት ደንግጣ ትንፋሿን ትስባለች። ደህና ነሽ ስላት ደንግጣ ትስባለች። ከላይ እንዲህ የሚተነፍስ ልጅ ከታች አየሩን መቆጣጠር አይችልም። ነውር የለውም፤ ሌላ ጊዜ ትመጣለች።”

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ሳቅም ንዴትም አብረው መጡብኝ። የልጄ አገጭ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ያን ሁሉ ሰው ጠይቄ፣ መግቢያውን መውጫውን፣ ነፋሱን ሳይቀር አጥንቼ፣ ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ትንፋሽ ያስቀረን!

“ድንጋጤ አይደለም። በእኛ አገር አዎ ማለት ነው” አልኳት።

አየችኝ። ልጃቸውን በግድ የሚገፉ ወላጆች ብዙ ያየች መሆኗ ከፊቷ ይታወቃል።

“አታምኝኝም? እኔን ጠይቂኝ፤ የፈለግሽውን።”

“ከቬጋስ ነው የመጣችሁት?”

ሳብ አደረግኋት። ይህን ጊዜ ፈገግ አለች፤ ግን አልተሸነፈችም። “ይሁን፤ አዎ ነው እንበል። እንዲህም ሆኖ፣ ስትፈራ የምታሰማው ድምፅ ከዚህኛው በምን ይለያል? እኔ እዚያ ታች ሆኜ በምን አውቃለሁ? አንቺ ታውቂዋለሽ?”

ታክሲዬ ውስጥ አሮጊቷ የጠየቁኝ ጥያቄ እኮ ነው። ዓመት ሙሉ ስለ ባሕሩ መቶ ሰው ስጠይቅ፣ ስለዚህ ነገር ልጄን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ተንበረከክሁና ረጥቦ ፊቷ ላይ የተለጠፈውን ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረግሁላት።

“የኔ ቆንጆ፣ ፈርተሻል?”

ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

“መግባትስ ትፈልጊያለሽ?”

ሳብ አደረገች። ያችው ናት፤ አንድ ዓይነት። ጆሮዬን ብደግንም ልለያቸው አልቻልኩም። የወለድኳት እኔ ነኝ፤ ትንፋሹንም የሰጠኋት እኔ ነኝ።

“ምን አለች?” አለች አስተማሪዋ።

“ፈርቻለሁ አለች። መግባትም እፈልጋለሁ አለች።”

ይሄኔ ሁሉን ትተን ዕቃችንን እንሰብስብ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ትከሻዋ ረገብ አለ። “ይኼ ጥሩ ነው። ይኼን የሚነግረኝን ሰው ነው ይዤ የምገባው” አለች። ከዚያ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ አዲስ ሕግ አወጣች፦ ከእንግዲህ በትንፋሽ መመለስ የለም። ትንፋሽ ለመተንፈስ ብቻ ነው፤ ረጅምና ዝግ ያለ። አዎ የሚባለው በእጅ ነው፤ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ክብ ሠርተው። ስትፈራ መዳፏን ዘርግታ ታወዛውዛለች፤ ወዲያው ይወጣሉ። አንዷ ክብ ሠርታ ከጠየቀች ሌላዋ ሳትመልስ ማንም አይንቀሳቀስም። አሸዋው ላይ ተቀምጠው ደጋገሙት። ልጄ ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሳበች፤ በሦስተኛው እጇ ቀደመ።

“አንቺም ትገቢያለሽ” አለችኝ አስተማሪዋ በድንገት። “እስከምትቆሚበት ድረስ። ፊትሽን ውሃ ውስጥ ነክረሽ ታያታለሽ። እናቷ ዳር ተቀምጣ ስትብሰለሰል እሷ ወደ ዳር ዳር ነው የምታየው።”

“እኔ?”

“ቦታውን የመረጥሽው በእግር ይገባል ብለሽ አይደል?”

ይህቺ ሴት ወሬ አታበዛም ማለቴን ሰርዤዋለሁ። መነጽር አጠለቀችልኝ፤ የምደገፍበት ተንሳፋፊ ጎማ ሰጠችኝ። ቁርጭምጭሚት። ጉልበት። ወገብ። የአሸዋው መንገድ ከእግሬ ሥር እየጠበቀኝ እስከ ደረቴ ደረስኩ፤ ልቤ ግን የት እንደገባ እንጃ። እነሱ ከፊቴ ዝቅ አሉና ጠፉ፤ አረፋቸው ብቻ ወደ ላይ ይፈላል። አማተብኩና ፊቴን ነከርኩ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ውሃው እንዳልነበረ ያህል ጥርት ያለ ነው። ቢጫ ዓሦች እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው በግራዬ አለፉ፤ አንዱ ቆም ብሎ አየኝ። እኛን ሲያዩን ምን እንመስላለን? ድንጋዩ ሁሉ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ሁሉ ነዋሪ አለው። ልጄ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ከእኔ ቁመት እምብዛም በማይበልጥ ጥልቀት፣ አሸዋው ላይ ተንበርክካለች። ቀና አለች፤ አየችኝ። እጇን ዘርግታ በሁለት ጣቶቿ ክብ ሠራች። እኔን ነው የምትጠይቀኝ።

እኔም እንደ እናት አያቶቼ መለስኩላት፤ ሳብ አደረግሁ።

ግማሹን ውቅያኖስ የዋጥኩ መሰለኝ። ብድግ ብዬ እያሳልኩ፣ በአፍንጫዬ ጨው እየወጣ፣ ዓይኔ እየተቃጠለ ጎማውን ታቅፌ ቆምኩ። እግሬ አሸዋ ረግጧል። ዳሩ ቅርብ ነው፤ መውጫውን አውቀዋለሁ። ከውሃው በላይ ማንም አላየኝም። ብወጣ ማን ይፈርድብኛል?

ፊቴን መልሼ ነከርኩ። ልጄ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም። እጇ እንደተዘረጋ ነው፤ ክቡም እንዳለ ነው። አስተማሪዋ ከጎኗ ትጠብቃለች፤ ድንጋዩ ከጀርባቸው ነው። መልስ ሳልሰጣት አትሄድም። ፈርቼ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ሁለቱም ደረቴ ውስጥ አብረው ናቸው። እጄን ከጎማው ላይ አላቅቄ ውሃው ውስጥ ዘረጋሁና ሁለት ጣቶቼን ገጠምኩላት።

አየችው። ከዚያ ዘወር ብላ ወደ ዘንዶው ቤት ሄደች።