ከሰው ጋር አድርጉልን

ባለቤቴ ሆሳዕና ከተማ ወህኒ ቤት ከገባ ጀምሮ ሰው ማመን ተውኩ። አስተማሪ ነበር። በሰልፍ ላይ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር አላሰማም ብለው አሰሩት፤ ጴንጤ መሆኑንም አልደበቀም። የጸሎት ቤታችንን ቀበሌው ወስዶ የስብሰባ አዳራሽ አድርጎታል። ከመሃላችን ማን ወሬ እንደሚያቀብል ስለማናውቅ ሁላችንም ሁላችንን እንጠረጥር ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ያወጡት እኔን አይተው ይመስለኛል።

ስንቅ በየቀኑ እወስዳለሁ። ዘበኛው ቅመሺ ይለኛል፣ እቀምሳለሁ፣ ሳህኑ ገብቶ ይወጣል። አንድ ሰሞን ሳህኑ ተጠራርጎ ባዶውን ይመለስ ጀመር። ጎረቤቶቼ «እሰይ፣ መብላት ጀመረ!» አሉኝ። የምን እሰይ! ባለቤቴ ለእንግዳ ጥቂት ሳያስተርፍ በልቶ አያውቅም፤ እናቱ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችው። ቆጮዬን የሚበላው ሌላ ሰው እንደሆነ ገባኝ። ታዲያ እሱ የት ገባ? ሌሊቱን ሁሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ እያነጋሁ ከረምኩ።

መልሱን ያመጣልኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። እስረኞች ሲታመሙ ወህኒ ቤት ገብቶ ያክማል። ገበያ ላይ ጎመን የሚመርጥ መስሎ አጠገቤ ቆመ።

«እህቴ፣ ባልሽ በሕይወት አለ» አለኝ፣ ዓይኑን ከጎመኑ ሳይነቅል። «እስረኞቹን መዝሙር አስተማረ ብለው ለብቻው ጨለማ ክፍል አስገብተውታል። ሰው አያይም። ብቻውን ማውራት ጀምሯል።»

ልጠይቀው የፈለግኩት ብዙ ነበር። አፌ ግን «እኔ የመጣሁት ጎመን ልገዛ ነው» አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ በነጻ የሚያድል ማን ነበር? ደግሞ ሰውዬው ካቶሊክ ነው። የእኛ ሲዘጋ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ለምን ክፍት ሆነ እያልኩ ስብሰለሰል የኖርኩ ሴት ነኝ።

እሱ ግን አልተወኝም። የእነሱንና የእኛን ሽማግሌዎች አንድ ለቅሶ ቤት አገናኘ፤ ያኔ ከለቅሶ በቀር ሰው የሚሰበሰብበት ሰበብ አልነበረም። የእኛዎቹ «ፍቱልን እንበል» አሉ። አንድ የካቶሊክ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቃወሙ።

«ፍቱልን ካልን ፖለቲካ ነው ይሉናል። ከሰው ጋር አድርጉልን ነው የምንለው። ለእሱ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ላሉት በሙሉ። እግዚአብሔር አዳምን እንኳ ብቻውን አልተወውም።»

ነገሩ ልቤን ነካው፤ ቢሆንም ጥግ ይዤ የተሰበሰበውን ሰው ፊት አንድ በአንድ እመረምር ነበር። ይህን ወሬ ነገ ቀበሌ የሚያደርሰው የትኛው ነው?

የወህኒ ቤቱ አስተዳዳሪ የአንጋጫ አካባቢ ሰው ነው፤ የእኛን የሽማግሌ ልመና ወግ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ቢሮው ገቡ። እኔና ድሬሰሩ ከኋላቸው ቆምን።

«ተቀመጡ፣ አባቶች» አለ።

«ልጄ፣ ልመናችንን ሳትቀበል አንቀመጥም።»

በእኛ አገር ሳር ይዞ የለመነን ሽማግሌ እንደቆመ መመለስ ያስረግማል። ሰውዬው በየስብሰባው እግዚአብሔር የለም እያለ ይሰብካል፤ ሳሩን ግን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። «ይሄ ኋላ ቀር ልማድ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ወረቀት አገላበጠ፣ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ለመሆኑ ለማን ነው የምትለምኑት? እዚህ ለብቻው የታሰረ ሰው የለም።»

«አለ፣ ጓድ» አለ ድሬሰሩ። «ቁስሉን ያጠብኩለት እኔ ነኝ።»

እኔ ግን ይህም ቀድመው የተመካከሩበት ድራማ ይሆን ብዬ አንዴ አስተዳዳሪውን፣ አንዴ ድሬሰሩን አያለሁ።

«በሉ ተቀመጡ» አለ በመጨረሻ አስተዳዳሪው። «ለብቻቸው ያሉት ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላሉ።» ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ድሬሰሩን አፍህን ከፈትክ ብለው ወዲያው ለቅጣት ወደ ሾኔ አዛወሩት፤ ያኔ ነው እሱን ያመንኩት።

በተከታዩ እሁድ ከባለቤቴ ጋር በአጥሩ በኩል እንድንነጋገር ተፈቀደልን። ሁለት እስረኞች ደግፈው አወጡት። ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል። ከስቷል፣ ግን ቆሟል፤ በሰው መሃል ቆሟል። በቤታችን ቋንቋ፣ በሀዲይኛ ጠራሁት። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ሽማግሌዎቹን፣ ካቶሊኮቹን፣ ከሰው ጋር አድርጉልን ብለን መለመናችንን።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ዘበኛውን በጎን አየና ፊቱን ወደ አጥሩ አስጠግቶ፣ በአማርኛ፣ ለማያውቀው ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣

«ይህን እንድትነግሪኝ የላከሽ ማን ነው?» አለኝ።